የባጋስ ቦይለር የኮንቬክሽን ቱቦዎች በየምርት ዘመኑ አንድ ቦታ ላይ የሚሳሱት ለምንድን ነው?

ጥገና_ክፍል

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ በአንድ ስኳር ፋብሪካ የቦይለር ጥገና ላይ እሠራለሁ። ቦይለራችን ባጋስ (አገዳው ተጨምቆ የሚቀረውን ቃጫ) የሚያቃጥል፣ ባለ ሁለት ድራም (የውኃና የእንፋሎት በርሜል) የውኃ ቱቦ ቦይለር ሲሆን የሚሠራው በ40 ባር ገደማ ነው። በላይኛውና በታችኛው ድራም መካከል የተተከሉት የኮንቬክሽን ቱቦዎች (በዙሪያቸው ከሚያልፈው ጭስ ሙቀት የሚቀበሉት) ውጫዊ ዲያሜትራቸው 50.8 ሚ.ሜ.፣ አዲስ ሲሆኑ ውፍረታቸው 4 ሚ.ሜ. ነው። ጭሱ በሁለት ባፍሎች (መንገዱን በሚያጥፉ የጡብ ግድግዳዎች) መካከል እየታጠፈ ቱቦዎቹን ሦስት ጊዜ ካቋረጠ በኋላ ወደ ኤር ሂተር (ለእሳቱ የሚገባውን አየር ወደሚያሞቀው ክፍል) ይሄዳል።

ችግሩ በየምርት ዘመኑ የሚቀደዱት ቱቦዎች ቦታቸው አለመለወጡ ነው። አንደኛው ስፍራ በባፍሎቹ ጫፍ አካባቢ ሲሆን ሁለተኛው ከኋላው ግድግዳ አጠገብ ያሉት ረድፎች ናቸው። ፋብሪካው እየሠራ ሳለ ቱቦ በተቀደደ ቁጥር ቦይለሩን አቀዝቅዘን፣ ሁለቱን ጫፎች በፕላግ ደፍነን እንመለሳለን። አሁን የክረምቱ ጥገና ስለተጀመረ ቱቦ ለማዘዝ ስብሰባ ተቀምጠን ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንዱ ወገን ባለ 5 ሚ.ሜ. ቱቦ ይታዘዝ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ጥፋቱ የውኃ ማከሚያው ስለሆነ ቱቦ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው ይላል። ቱቦው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛና ለመድረስም ወራት የሚፈጅ በመሆኑ ትዕዛዙ ከመፈረሙ በፊት የእናንተን አስተያየት መስማት እፈልጋለሁ።

የእንፋሎት_መሐንዲስ

ጤና ይስጥልኝ። ከትዕዛዙ በፊት የተቀደደውን ቱቦ ከቦታው ቆርጠው፣ በቁመቱ ሰንጥቀው ቢመለከቱት የክርክሩ ግማሽ እዚያው ያበቃል። ውጭው ለስላሳና የሚያብለጨልጭ፣ አንድ ጎኑ ብቻ በቢላ እንደተላጠ ጠፍጣፋ ከሆነ ጭሱ የተሸከመው አመድና አሸዋ ፍቆታል ማለት ነው። ውስጡ ጎድጓዳ ነጠብጣቦች ይዞ በላያቸው ቀላ ያለ የዝገት ቆብ ካለ ኦክስጅን ገብቷል። ቱቦው አብጦ እንደ ዓሣ አፍ ከተከፈተ ደግሞ በሙቀት ተቃጥሏል፤ ይህ ግን ከኋላ ረድፎች ይልቅ በፈርነስ (የእሳቱ ክፍል) ግድግዳና በሱፐርሂተር (እንፋሎቱን ይበልጥ በሚያግለው ክፍል) ላይ የሚጠበቅ ነው።

ውፍረት ስትለኩም የአልትራሳውንድ መለኪያውን ከጭሱ ፊት ለፊት ባለው ነጥብ ላይ ብቻ አታስቀምጡ። የብናኝ ፍቆት በለስላሳ ብረት ላይ ከሁሉም የሚበረታው ቅንጣቷ አግድም ሸርተት ብላ ስትመታ እንጂ ቀጥ ብላ ስትመታ አይደለም። በክብ ቱቦ ላይ ይህ የሚሆነው ከፊተኛው ነጥብ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ቦታ ነው። ፊት ለፊቱን ብቻ የለካ ሰው ጤነኛ የሚመስል ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ ቱቦው ግን ከጎኑ አልቋል። በብዙ የምርመራ ሪፖርቶች ላይ የማየው ትልቁ ጉድለት ይህ በመሆኑ አጥብቄ አነሳዋለሁ።

የምትነግሩን ቦታ ራሱ ብዙ ይናገራል። ጭስ በባፍል ጫፍ ሲታጠፍ ጎርፍ በወንዝ መታጠፊያ ላይ አሸዋውን ወደ ውጭኛው ዳር እንደሚገፋው ሁሉ አመዱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ጋዙ ዞሮ ሲሄድ ከበድ ያለችው ቅንጣት ቀጥ ብላ ሄዳ የኋላውን ረድፍ ትመታለች። ስለዚህ በባፍሉ ጫፍ ላይ ፍጥነቱ፣ በኋላው ግድግዳ አጠገብ ደግሞ የአመዱ ክምችት ከፍ ይላል። ቱቦውን ሰንጥቃችሁ ካያችሁ በኋላ ውጤቱን ከጭሱ የኦክስጅን ንባብ ጋር አምጡልን።

ውኃና_ኬሚስትሪ

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ የተገለጸው ቦታ ከውጭ ለሚመጣ ፍቆት ያደላል። ሆኖም በስኳር ፋብሪካ የውኃው ጉዳይ ከሌላ ኢንዱስትሪ የሚለይበት አንድ ነገር ስላለ ሳይጠቀስ ማለፍ የለበትም። ወደ ቦይለሩ ከሚመለሰው ኮንደንሴት (ከእንፋሎት ተመልሶ ውኃ የሆነው) አብዛኛው የሚመጣው ከኢቫፖሬተሩ (የአገዳ ጁስ በእንፋሎት ከሚተንበት ክፍል) ነው፤ እዚያ አንድ ቱቦ ቢያፈስ ወይም ጁሱ ከእንፋሎቱ ጋር ተሸክሞ ቢሻገር ስኳር ወደ ቦይለሩ ይገባል። ስኳር በቦይለሩ ሙቀት ተበታትኖ ኦርጋኒክ አሲድ ስለሚሆን የውኃው ፒኤች በአጭር ጊዜ ይወርዳል፣ ውኃው አረፋ ያወጣል፣ ቱቦው ውስጥም ጥቁር የካርቦን ልባስ ይቀራል። አልፋ ናፍቶል የተባለ ኬሚካል በኮንደንሴቱ ናሙና ላይ ጠብ ተደርጎ ሰልፈሪክ አሲድ በዝግታ ሲጨመር ሐምራዊ ቀለበት ከታየ ስኳር አለ ማለት ስለሆነ ያን ኮንደንሴት ከፊድ ታንኩ (የቦይለሩ መጋቢ ውኃ ማጠራቀሚያ) ወዲያውኑ መለየት ያስፈልጋል። ይህ ፍተሻ ቀንና ሌሊት በየሰዓቱ ሊሠራ የሚገባው ነው።

ሌላው በስምጥ ሸለቆ ያሉ ጉድጓዶች ውኃ የሚይዘው ሲሊካ ነው። ሶፍትነር (ውኃ ማለስለሻው) ካልሲየምንና ማግኒዥየምን ይይዛል፤ ሲሊካን ግን አይነካም። የሲሊካ ልባስ ከካልሲየም ካርቦኔት ይልቅ ሙቀትን በእጅጉ የሚያግድ፣ በተለመደው የሃይድሮክሎሪክ አሲድ እጥበትም የማይለቅ በመሆኑ መከላከያው የብሎውዳውን (ከቦይለሩ እየተደፋ የሚወጣው ውኃ) መጠንና የጥሬ ውኃው ምርጫ ነው። ቱቦውን ስትሰነጥቁ ከውስጥ የሚገኘውን ልባስ በላቦራቶሪ አስመርምሩት፤ ስስ፣ ጥቁር ግራጫና የማይላጥ ከሆነ ብረቱን የሚከላከለው ማግኔታይት (የብረት ኦክሳይድ ልባስ) ስለሆነ አትፋቁት።

ጥገና_ክፍል

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከሦስቱም የጭስ መተላለፊያዎች ቱቦ አስቆርጠን ተመልክተናል። ውስጣቸው እንደተባለው ስስ ጥቁር ግራጫ ልባስ ይዟል፤ ጎድጓዳ ነጠብጣብ አላገኘንም። ከውጭ ግን በባፍሉ ጫፍ ያለው ቱቦ አንጸባራቂና በሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ፊት ለፊቱ 3.4 ሚ.ሜ. ሲለካ ጎኑ 2.1 ሚ.ሜ. ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ በፊት የለካነው ሁሉ ፊት ለፊቱን ነበር።

ሁለት ነገሮችንም አስተውለናል። የባፍሉ የታችኛው ጡብ ረግፎ በቱቦዎቹ መካከል ክፍተት ተፈጥሯል፤ በፕላግ ተደፍነው ከቆዩ በኋላ ተቆርጠው የወጡ ቱቦዎች ባሉበትም ዙሪያ ያሉት ጎረቤቶቻቸው ከሌሎቹ ይልቅ ሳስተዋል። የጭሱ ኦክስጅን በኤር ሂተሩ መውጫ ላይ 9 በመቶ አካባቢ ነው። አገዳው ዝናብ ባለበት ወቅት ሲቆረጥ ጭቃ ይዞ እንደሚመጣም መጨመር እወዳለሁ።

የእንፋሎት_መሐንዲስ

አሁን የተሟላ ሥዕል አለን። መጀመሪያ የ5 ሚ.ሜ. ቱቦውን ሐሳብ በቁጥር እንመዝነው። በ45 ባር የዲዛይን ግፊት፣ 50.8 ሚ.ሜ. ዲያሜትር ላለው ተራ የካርቦን ብረት ቱቦ፣ የሚፈቀደው ውጥረት 90 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው ብንል፣ በተለመደው የቦይለር ደረጃ (ኮድ) ቀመር የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ውፍረት 1.5 ሚ.ሜ. ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ባለ 4 ሚ.ሜ. ቱቦ ለፍቆት ያለው ትርፍ 2.5፣ ባለ 5 ሚ.ሜ. ያለው ደግሞ 3.5 ሚ.ሜ. ነው። ይህ ማለት ዕድሜው በ40 በመቶ ይረዝማል። ፍቆት ግን ከጭሱ ፍጥነት ጋር የሚያድገው በሦስተኛ ኃይል ወይም ከዚያ በጥቂት ከፍ ባለ መጠን በመሆኑ፣ በዚያው ቦታ ፍጥነቱን በ20 በመቶ ብትቀንሱ የፍቆቱ መጠን ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ የቱቦው ዕድሜ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ፍጥነቱን መቀነስ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም።

ወፍራም ቱቦ የሙቀት ዝውውሩን ይጎዳል የሚለውን ክርክር ግን ተዉት፤ ትክክል አይደለም። በኮንቬክሽን ክፍል ሙቀትን የሚያግደው በጭሱ በኩል ያለው ስስ የጋዝ ንጣፍ ነው። በውኃው በኩል ያለው ዝውውር ከጭሱ በኩል ካለው በአሥሮች እጥፍ ይበልጣል፤ የአንድ ሚሊሜትር ብረት ተቃውሞም ከጋዙ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በ40 ባር ውኃው በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚፈላ የቱቦው ብረትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ወፍራም ቱቦን የምቃወመው የውስጥ ዲያሜትሩን ስለሚያጠብ፣ በኤክስፓንደር (የቱቦውን ጫፍ በድራሙ ቀዳዳ ውስጥ አስፍቶ በሚያጣብቀው መሣሪያ) ለመንፋት ስለሚያስቸግር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መንስኤውን ሳይነካ ስለሚተወው ነው።

አሁን ወደ ኦክስጅኑ እንምጣ። 4 በመቶ ኦክስጅን ማለት 23 በመቶ ትርፍ አየር ሲሆን 9 በመቶ ማለት ግን 75 በመቶ ትርፍ አየር ነው። እርጥበቱ 50 በመቶ የሆነ ባጋስ ስታቃጥሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የጭሱ ብዛት ከሩብ በላይ ይጨምራል። የጭሱ ሙቀት በመጠኑ ስለሚወርድ ፍጥነቱ ሙሉ በሙሉ በዚያው ልክ አያድግም፤ ቢሆንም ቱቦው የሚከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። ነገር ግን 9 በመቶውን የለካችሁት ከኤር ሂተሩ በኋላ ስለሆነ፣ የኤር ሂተሩ ቱቦዎች ተበልተው ንጹሕ አየር ወደ ጭሱ እየሾለከ ሊሆን ይችላል። በኮንቬክሽን ቱቦዎቹ መግቢያና መውጫ፣ ከዚያም ከኤር ሂተሩ በኋላ በሦስት ቦታ ለኩ። ኦክስጅኑ በፈርነሱ መውጫ ላይ ቀድሞ ከፍ ያለ ከሆነ ጉዳዩ የእሳት አያያዝና የባጋስ አመጋገብ ነው፤ በመካከል የሚዘል ከሆነ የግድግዳና የበር ፍሳሽ ነው፤ በኤር ሂተሩ ላይ የሚዘል ከሆነ ደግሞ አይዲ ፋናችሁ (ጭሱን የሚስበው ማራገቢያ) በከንቱ ይደክማል እንጂ ኮንቬክሽን ቱቦዎቹን አይነካም።

የረገፈው የባፍል ጡብ ከሁሉም በፊት መጠገን አለበት። በጠባብ ክፍተት የሚሾልክ ጭስ ፍጥነቱ ከአማካዩ ብዙ እጥፍ ይሆናልና። ተቆርጠው በወጡት ቱቦዎች ስፍራም የሆነው ይኸው ነው፤ ባዶው መተላለፊያ ለጭሱ ቀላል መንገድ ስለሚሆን ጎረቤቶቹን ይፍቃል። ፕላግ የተደረገ ቱቦ በዚህ ዓይነት ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ግፊት እንዳይታመቅበት ተበስቶ በስፍራው መቆየቱ ቆርጦ ከማውጣት ይሻላል፤ በክረምት ደግሞ በአዲስ ይተካ። በባፍሉ ጫፍና በኋላው ግድግዳ የመጀመሪያ ረድፎች ላይ የማይዝግ ብረት ግማሽ ክብ ጋሻ አስሩ። ጋሻው የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ በየክረምቱ ይታያል፣ ሲሳሳም ይለወጣል።

ለረጅም ጊዜ ዕቅድ የሚያዝ ከሆነ ባፍሎቹን አስወግዶ ጭሱን አንድ ጊዜ ብቻ አግድም የሚያሳልፍ አሠራር በባጋስ ቦይለር ዲዛይን ተመራጭ እየሆነ የመጣው በዚሁ የፍቆት ምክንያት መሆኑን ለአስተዳደሩ ብትገልጹ መልካም ነው። ይህ ግን የሙቀት መጠኑን፣ የውኃውን ዝውውርና የኤር ሂተሩን ድርሻ የሚለውጥ ስለሆነ ያለ አምራቹ ወይም ያለ ብቁ ዲዛይነር ስሌት አይሞከርም።

ተማሪ_መካኒካል

ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ጥያቄ አለኝ። ሙቀትን የሚያግደው የጋዙ በኩል ከሆነ፣ ቱቦዎቹን በተዛነፈ አሰላለፍ አቀራርቦ መትከል ወይም ክንፍ ያላቸውን ቱቦዎች መጠቀም ለምን አይቻልም? በመማሪያ መጻሕፍታችን የተዛነፈ አሰላለፍ የተሻለ የሙቀት ዝውውር እንዳለው ተምረናል።

ሂተር_ገልፍ

የተማርከው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን በነዳጁ ላይ ይመሠረታል። እኔ የምሠራው በገልፍ አገር ባለ ማጣሪያ የእሳት ማሞቂያዎች ላይ ሲሆን የእኛ ኮንቬክሽን ክፍል በተፈጥሮ ጋዝ ሲሠራ ክንፍ ያላቸውን ቱቦዎች በተዛነፈ አሰላለፍ ያለ ችግር እንጠቀማለን፤ ጭሱ ንጹሕ ነውና። ከባድ ዘይት በሚቃጠልበት ማሞቂያ ላይ ግን በክንፍ ፋንታ አጫጭር ዘንግ የተበየደባቸው ቱቦዎች ይመረጣሉ፤ ጥላሸቱ በክንፎቹ መካከል ሲቆለል በሱት ብሎወር (ጥላሸትን በእንፋሎት በሚነፋው መሣሪያ) ለማውጣት ያስቸግራል። አሸዋና አመድ በተሞላ የባጋስ ጭስ ውስጥ ደግሞ ራቁት ቱቦ፣ ቀጥ ያለ አሰላለፍና ሰፋ ያለ ርቀት ያስፈልጋል፤ ቀጥ ባለው አሰላለፍ የኋለኞቹ ረድፎች ከፊተኛው ጀርባ ስለሚሸሸጉ ፍቆቱም ይቀንሳል፣ ሱት ብሎወሩም መተላለፊያውን እስከ ውስጥ ያጸዳል።

በእኛ ዘንድም ከኮንቬክሽኑ ክፍል በታች ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ረድፎች ሁልጊዜ ራቁት ናቸው። እነዚህ ረድፎች ከጭሱ ሙቀት በተጨማሪ የፈርነሱን ጨረር በቀጥታ ስለሚቀበሉ ክንፍ ቢኖራቸው ጫፉ ይቃጠላል። እንዲሁም ዘይቱ ቫናዲየምና ሶዲየም ካለው፣ አመዱ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንኳ ቀልጦ ብረቱን ሊበላ ስለሚችል፣ በውስጥ ፈሳሽ የማይቀዘቅዙት የቱቦ መደገፊያዎች ከፍተኛ ክሮሚየምና ኒኬል ካለው ብረት ይሠራሉ። ለጥገና_ክፍል የምጨምረው ሱት ብሎወሩን ነው፤ የእንፋሎት መስመሩ ውኃው ሳይወገድ ከተከፈተ የመጀመሪያው ነጠብጣብ ብረቱን ከአሸዋ ባልተናነሰ ይበላል። ከብሎወሩ አጠገብ ባሉት ቱቦዎች ላይ ብቻ የሚታይ መሳሳት ካለ የመስመሩን ተዳፋትና የውኃ ማስወገጃውን ተመልከቱ።

ጨርቃጨርቅ_እንፋሎት

የእኛ ቦይለር በፈርነስ ኦይል (ከባድ ነዳጅ ዘይት) የሚሠራ፣ ጭሱ በቱቦው ውስጥ የሚያልፍበት ባለ ሦስት መመለሻ ነው። ቱቦ አይሳሳብንም፤ የሚያስቸግረን በኋላው የጭስ መመለሻ ክፍል የቱቦዎቹ ጫፍ መሰንጠቁ ነው። የዚህም መንስኤ ፍቆት ሊሆን ይችላልን?

የእንፋሎት_መሐንዲስ

አይደለም። እዚያ ክፍል የሚገባው ጭስ እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ስለሚችል፣ የቱቦው ጫፍ ከሳህኑ (ቱቦዎቹ ከተተከሉበት የብረት ገጽ) ብዙ ወጥቶ ከቀረ ውኃው ሊያቀዘቅዘው አይችልም። ከሳህኑ በስተጀርባ በውኃው በኩል ልባስ ካለ ደግሞ ሳህኑም አብሮ ይግላል። ጫፎቹ ከሳህኑ ጋር እንዲስተካከሉ አድርጋችሁ አስበይዱ፤ የውኃውን በኩል ከፍታችሁ ልባሱን ተመልከቱ። የጭስ ማውጫውን ሙቀት በተመሳሳይ ጭነት በየቀኑ መዝግቡ፤ ቱቦዎቹ ንጹሕ ከነበሩበት ንባብ በ20 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር 1 በመቶ ያህል ነዳጅ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ከዚህ በላይ ከቀጠልን የጥገና_ክፍል ጥያቄ ስለሚዋጥ የተለየ ውይይት ብትከፍቱ እዚያ በሰፊው እመልሳለሁ።

ጡረተኛ_ቦይለር

ልጆቼ፣ የተባለው ሁሉ ቦይለሩ በሚሠራበት ጊዜ ስለሚደርሰው ነገር ነው። የስኳር ፋብሪካ ቦይለር ግን ክረምቱን ሙሉ ቆሞ የሚከርም መሆኑን አትርሱ። በዕድሜዬ ካየኋቸው የታችኛው ድራም ቱቦዎች ብዙዎቹ የተበሉት እሳት ሳይኖር ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ በታችኛው ድራም ላይ፣ በቱቦዎቹ እግር ሥር አመድ ተቆልሎ ይቀራል። የባጋስ አመድ ፖታሲየም ስላለው ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ያ ክምር እርጥብ ሆኖ ቱቦውን ልክ ከድራሙ በሚወጣበት አንገት ላይ ይበላዋል። እንደ መተሐራ ባለ ደረቅ ቆላ ጉዳቱ ቀስ ይላል፤ እንደ ፊንጫ ባለ ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ ግን ይፈጥናል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ መለኪያም አይደርስበት፣ ዓይንም አያየው፤ በግፊት ፍተሻ ቀን ነው የሚያለቅሰው።

ስለዚህ እሳቱ በጠፋ ሳምንት፣ ሌላ ሥራ ሳይጀመር፣ አመዱ በሙሉ በደረቁ ይውጣ፤ በጠባቡ ቦታ በታመቀ አየርና በረጅም መፋቂያ ይሠራ። በውኃ ማጠብ የግድ ከሆነ በዚያው ቀን በትንሽ የእንጨት እሳት ይድረቅ። ታጥቦ ሳይደርቅ የተተወ ቦይለር ካልታጠበው የባሰ ይጎዳል። ከዚያ በኋላ የጭስ ማውጫው መዝጊያ ይዘጋ፣ በሮቹ ይታሸጉ። በውስጥ በኩል ደግሞ ለወራት የሚቆም ከሆነ ውኃው ትኩስ ሳለ ተደፍቶ፣ በሙቀቱ እንዲደርቅ ተደርጎ፣ ያልተላቆጠ ኖራ በትሪ በድራሞቹ ውስጥ ይቀመጥና ይዘጋ፤ ኖራው በየጊዜው እየታየ ይለወጥ። ለአጭር ጊዜ ከሆነ እስከ አፉ በታከመና ሰልፋይት በተጨመረበት ውኃ መሙላት ይሻላል። ግማሽ ውኃ ግማሽ አየር ይዞ መቆም ግን ከሁሉም የከፋ ነው።

ጥገና_ክፍል

ጋሽ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልን፤ በዚህ መድረክ የተሰጠው ምክር ሁሉ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ቀርቧል። የትዕዛዙ ሐሳብ ተለውጦ ባለ 4 ሚ.ሜ. ቱቦ እንዲሆን ተወስኗል፤ ከ2.5 ሚ.ሜ. በታች የሳሱት ይለወጣሉ፣ ባዶ የቀሩት ስፍራዎች ይሞላሉ። ባፍሉ በሚቀጥለው ሳምንት ይጠገናል፤ የጋሻው ብረት በአገር ውስጥ ይቆረጣል። የኦክስጅን መለኪያ ቀዳዳዎችም በሦስቱ ቦታዎች እየተከፈቱ ነው። የአገዳውን ጭቃ በተመለከተ ከእርሻው ክፍል ጋር መነጋገር ጀምረናል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። የድራሙ ቀዳዳዎች ቱቦ በተደጋጋሚ ስለተለወጠባቸው ከመጠናቸው የሰፉ አሉ። በኤክስፓንደር በርትቶ መንፋት ይበቃልን?

ጡረተኛ_ቦይለር

አይበቃም፤ አደጋም አለው። ቱቦው ከቀዳዳው ጋር ብረት ለብረት ከተገናኘ በኋላ የግድግዳው ውፍረት መቀነስ ያለበት ከ5 እስከ 10 በመቶ ባለው ክልል ነው። ከዚያ በላይ ከተነፋ የቱቦው ብረት ይጠነክራል፣ ቀዳዳው ይበልጥ ይሰፋል፣ ጎረቤቶቹም ይላላሉ። መጀመሪያ እያንዳንዱን ቀዳዳ በውስጥ ማይክሮሜትር ለኩና ክብነቱን አረጋግጡ። ከአፍ እስከ አፍ በቁመት የሄደ ጭረት ካለ በዚያ መስመር ውኃ ስለሚያልፍ ይወልወል። የሰፋው ቀዳዳ ላይ ስስ የብረት ቀለበት ማስገባት ወይም በድራሙ ውስጥ የማሸጊያ ብየዳ መሥራት ይቻላል፤ ድራም ላይ የሚሠራ ብየዳ ግን በተፈቀደለት በያጅ፣ በጸደቀ አሠራርና መርማሪው ባለበት ይሁን። ሥራው ሲያልቅ የግፊት ፍተሻውን መርማሪው በሚያዘው መጠን፣ ከ20 ዲግሪ በማይቀዘቅዝ ውኃ አድርጉ፤ ግፊቱ ተይዞ ሳለ በታችኛው ድራም ዙሪያ ያለውን እያንዳንዱን አንገት በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። ያለቀሰውን ቱቦ ግፊቱ ከወረደ በኋላ ብቻ በቀስታ እንደገና ንፉት።